አደራ ተቀባዩን ማን ይጠይቀው?

ከጐንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪገባ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መንገዱ በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል እያለፈ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደባርቅ ሲደርስም ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ከከተማዋ አንዱ መንገድ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ያቀናል፤ ሌላው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ትግራይ ያሻግራል። የስሜን ተራራ መግቢያ በር ይህች ከተማ ናት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፥ መንገድ መሪው፥ ጠመንጃውን ያነገተው ጠባቂና ባለበቅሎው ሁሉ የሚገኙት በእርሷ ነው።

ስለ ስሜን ውበት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ውበቱ ልንናገር አይደለም። ልናነሣው የፈለግነው ከሩቅ ሲያዩት ደረቅ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በቅርስ ጥበቃ ስም የሚቋቋሙ የበጎ አድራጎት ማኅበራት በማን ይመራሉ፥ እንዴትስ ይተዳደራሉ የሚለው ነው። ቅርሱን የሚወድ ሰው በአገራችን ሞልቷል። ለቅርሱ የሚያዋጣም አልጠፋም። ነገር ግን ወዳጆቹ ተሰብስበው ማኅበር ባቆሙ ማግሥት ማን ይፈርማል፥ ማን ይቈጣጠራል፥ ማንስ ይጠየቃል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብዙ በጎ ሐሳብ የሚሰናከለው ከዚህ ላይ ነው።

የስሜን ጥበቃ ታሪክ ራሱ የባለአደራ መለዋወጥ ታሪክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1963 የዩኔስኮ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሰር ጁልያን ሀክስሊና ባልደረቦቻቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ስለ ዱር አራዊትና ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሪፖርት አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1969 ስሜን በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከተመዘገቡት 12 ሥፍራዎች ሁለቱ የእኛው ላሊበላና ስሜን ነበሩ። ይህ ለአገራችን ምን ያህል ክብር እንደሆነ መናገር አያሻም።

ክብሩ ግን ጥበቃውን ይዞ አልመጣም። የእርስ በርስ ጦርነቱ ባየለበት ዘመን የመንግሥት ጥበቃ ከተራራው ራቀ። እርሻው ወደ ገደሉ አፍ ተጠጋ፤ ከብቱ ሣሩን ጨረሰ፤ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በየትም የማትገኘው ዋልያ ቍጥሯ ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ስሜን በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። አስተዳደሩም ከማዕከላዊው መንግሥት ወደ አማራ ክልል ተዛውሮ ኖሮ፥ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገና ወደ ፌዴራሉ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተመለሰ።

ስሜን ከአደጋው መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ውሳኔው የተሰጠው በፖላንድ ከተማ በክራኮው በተደረገው ጉባኤ ሲሆን፥ ክራኮው ራሷ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዷ መሆኗ ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው። በእነዚያ 21 ዓመታት መካከል የሆነውን ልብ ብሎ ላየ ሰው ትልቅ ትምህርት አለበት። ስሜን ከመዝገቡ የተፋቀው በልመና ወይም ስለ ውበቱ በተነገረ ንግግር አልነበረም። የፓርኩ ወሰን እንደገና እንዲካለል፥ ራስ ዳሸንን ጨምሮ ሌላው ከፍታ እንዲጨመርበት፥ ግጦሹ እንዲቀነስ፥ የዋልያና የቀይ ቀበሮ ይዞታ እንዲሻሻል፥ ነዋሪው ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኝ በዝርዝር ተጠየቀ። ቀድሞ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረውም ፓርክ 412 ሆነ። መርማሪዎች እየመጡ ተራራው ላይ ወጥተው አዩ፤ ያዩትንም ጻፉ። ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ መሠራቱንም ከሠሪው ሌላ የሆነ ሰው መረመረው። መልካም አስተዳደር የሚባለው ነገር ሲጨመቅ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

ዋጋውንም ሳንናገር አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ የግጭ ቤተሰቦች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ ወርደዋል። ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ገበሬ በከተማ ጠርዝ አዲስ ኑሮ ይጀምር ዘንድ ግድ ሆኖበታል። ይህ ገበሬ ለዋልያ የከፈለው ዋጋ በአዲስ አበባ ሆኖ 1000 ብር ካዋጣው ሰው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እንግዲህ የሚከተለው ጥያቄ የማይቀር ነው። ስለ ስሜን በሚመክር ማኅበር ሸንጎ ላይ ያዋጣው ሰው ወንበር ካለው፥ መሬቱን የሰጠውስ?

መንግሥት ሁሉን ብቻውን ሊያደርግ እንደማይችል የታወቀ ነው። ለዚህም ነው በፈቃደኞች የቆሙ ማኅበራት የሚያስፈልጉት። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተመሠረተው ስሜን ፓርክ ከመሆኑ በፊት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ መጽሔቱንም ዋልያ ብሎ ሰይሞታል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ደግሞ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባሕር ዛፉን በጽድ፥ በወይራና በሌላው አገር በቀል ዛፍ ለመተካት የደከመ ማኅበር ነው። የእንዲህ ያሉ ማኅበራት ዕድሜ ከመሥራቾቻቸው ዕድሜ እንዲበልጥ የሚያደርገው ደንባቸውና ለደንቡ ያላቸው ታማኝነት ነው።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በስሜን ላይ እሳት ተነሥቶ ሣሩንና አስታውን ሲበላ፥ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰው ልብ ይነካል፤ እጅም ወደ ኪስ ይገባል። እሳቱ በሚነድበት ሰዓት ግን ማንም ደረሰኝ አይጠይቅም። ፈተናው የሚመጣው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ለእሳት ማጥፊያ የተዋጣ ገንዘብ ለመኪና ነዳጅና ለስብሰባ አበል ቢውል ማን ያውቃል? የሚያውቅ የሚኖረው አስቀድሞ የተሠየመ ተቈጣጣሪ ካለ ብቻ ነው።

ታዲያ የበጎ አድራጎት ማኅበር አስተዳደር በምን ይቆማል? ነገሩ ሦስት እግር እንዳለው ጉልቻ ነው። የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ባለቤቱ እርሱ ስለሆነ ደንቡን ያወጣል፥ መሪዎቹን ይመርጣል፥ ይሽራል። ሁለተኛው የሥራ አመራር ቦርዱ ነው፤ ዓላማውንና በጀቱን እየወሰነ ሥራውን ይጠብቃል። ሦስተኛው በደመወዝ የተቀጠረው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እርሱም የተወሰነውን ይፈጽማል። ከሦስቱ አንዱ ሲያጥር ድስቱ ይደፋል። ቦርዱ የሥራ አስኪያጁን ሥራ ልሥራ ካለ ተቈጣጣሪ ይጠፋል፤ ሥራ አስኪያጁ የቦርዱን አባላት ከመረጠም ተጠያቂነት ይጠፋል።

ሕጋችንም ይህን መንገድ ይዟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 ድርጅቶች የሥራ ክንውንና በኦዲተር የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት በየዓመቱ እንዲያቀርቡ፥ ለአስተዳደር የሚያውሉትም ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሆኖም ሕግ ቢበዛ የሒሳቡን መዝገብ ያስከፍታል እንጂ ልብን አይከፍትም። ደንቡን የሚያከብረው የማኅበሩ የራሱ ልማድ ነው።

ልማዱስ ለእኛ እንግዳ ነውን? አይደለም። በጃን አሞራም ሆነ በዳባት ገጠር ደብሩ ገበዝ አለው፤ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ይጠብቃል፥ ሲሻርም ለተተኪው ቈጥሮ ያስረክባል። ጽዋ የሚጠጣው ማኅበር ሙሴ አለው። ዕድሩም ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ገንዘቡን የያዘው ሰው ወጪውን ብቻውን አያዝም። ይህን ያቆዩልን አባቶቻችን ስለ አስተዳደር መጽሐፍ አላነበቡም፤ ነገር ግን አደራና ፈቃድ በአንድ እጅ ሲገኙ ምን እንደሚከተል ያውቁ ነበር።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የዕድሩ አባላት በየለቅሶው ይተያያሉ፤ ገንዘብ ያዡ ያጠፋ እንደሆነ ጐረቤቱ ያውቃል። ለስሜን የሚያዋጣው ሰው ግን በአዲስ አበባ፥ በዙሪክ ወይም በዋሽንግተን ሊሆን ይችላል። ጐረቤት በሌለበት ቦታ ዓይን የሚሆነው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው፥ ደረሰኙና የሒሳብ ሪፖርቱ ከወረቀት ክምር አይቈጠሩም፤ ሩቅ ያለው ወዳጅ ቅርብ እንዳለ ሆኖ የሚያይባቸው መስኮቶች ናቸው።

ወደ ውጭ ብንመለከት ደግሞ የእንግሊዙ ናሽናል ትረስት እ.ኤ.አ. በ1895 በሦስት ሰዎች ማለትም በኦክታቪያ ሂል፥ በሮበርት ሀንተርና በቄሱ በሀርድዊክ ሮንስሊ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣለት ሕግ ማኅበሩ የያዘውን ርስት የማይሸጥና የማይለወጥ ብሎ እንዲያውጅ ሥልጣን ሰጠው። ይህም መጪው ቦርድ ቢቸግረው እንኳ አደራውን እንዳይሸጥ የዛሬው ቦርድ እጁን በገዛ ራሱ ማሰሩ ነው። ከ100 ዓመት በኋላ ማኅበሩ እጅግ ሲሰፋ 52 አባላት የነበሩት ሸንጎ ለውሳኔ የሚከብድ ሆኖ ተገኘ። በውጭ ሰው ከተመረመረ በኋላ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ አነስ ያለ የባለአደራዎች ቦርድ እንዲወስን፥ ሰፋ ያለው ሸንጎ ደግሞ ቦርዱን እንዲሾምና እንዲጠይቅ ተደረገ። ከዚህ የምንማረው ወንበር ማብዛት ቍጥጥር ማብዛት አለመሆኑን ነው።

በእኛ ዘንድ በተለይ የሚያሰጉ ሁለት በሽታዎች አሉ። አንደኛው የክብር ወንበር ነው። ለማኅበሩ ግርማ ይሆን ዘንድ ታላላቅ ስሞች በቦርድ ይሰየማሉ፤ ስማቸው በደብዳቤው ራስ ላይ ይታተማል፤ እነርሱ ግን ስብሰባ አይመጡም። ባልመጡበት ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ በስማቸው ይወሰናል። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው የመሥራች ርስት ነው። ማኅበሩን ያቆመው ሰው እኔ ያቆምሁት ነውና የእኔ ነው ይላል። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ በስሜን ምድር በደረስጌ ማርያም ይገኛል። ይህችን ደብር ያሠሩት የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ሲሆኑ፥ ሊነግሡባት አስበው እንደነበር ይነገራል። ነገር ግን በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑና በዚያች ደብር ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኑ። ደብሯ ከሁለቱም በኋላ ጸንታ ቆማለች። ለቅርስ የሚሠራ ሰው የሚሠራው ለማያውቀው ወራሽ ነው። ይህን የማይቀበል መሥራች፥ የሥልጣን ዘመን በደንቡ ላይ እንዲገደብ ቢጠየቅ የተሰደበ ይመስለዋል።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለውን ብሂል የማያውቅ የለም። ይህ ብሂል ከመሥሪያ ቤት አልፎ ወደ በጎ አድራጎት ማኅበር የገባ እንደሆነ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። የመንግሥት ገንዘብ ሲጠፋ በቀረጥ ይተካ ይሆናል። የለጋሽ እምነት ሲጠፋ ግን የሚተካው የለም። በቅርብ ዓመታት ጦርነትና ግጭት ጐብኚውን ከደባርቅ ሲያርቁ መንገድ መሪውና ባለበቅሎው ገበያ አጥተው እንደተቸገሩ የታወቀ ነው። በደህናው ዘመን ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ያላስቀመጠ ማኅበር እንዲህ ባለ ጊዜ ጠባቂውንም ዋልያውንም ይበትናል።

እንግዲህ ይህን የምንጽፈው በተለይ ለተማሪዎችና በቅርብ ሥራ ለያዙ ወጣቶች ነው። ነገ ከነገ ወዲያ የአንዱ ማኅበር ጸሐፊ ወይም የቦርድ አባል ሁኑ መባላችሁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ተመስገን ብላችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ጥቂት ጥያቄ ጠይቁ። ደንቡ ተጽፏል ወይ? ጠቅላላ ጉባኤው መቼ ተሰበሰበ? ሒሳቡን የመረመረው ማን ነው? ከቦርዱ አባላት ከማኅበሩ ጋር የሚነግድ፥ ዘመዱንም ያስቀጠረ አለ ወይ? ቅርሱ ካለበት መንደር የመጣ ሰው በሸንጎው ላይ ይቀመጣል ወይ? መልሱ ዝምታ ከሆነ፥ ለክብራችሁ ሳይሆን ለስማችሁ መጋረጃነት እንደተፈለጋችሁ ዕወቁ። መልሱ ግልጽ ከሆነ ደግሞ ሥራው ያለ ደመወዝ ቢሆንም ተቀበሉት፤ ስብሰባውንም አትቅሩ።

አደራ ጥብቅ ነው ይባላል። ጥብቅ የሚሆነው ግን ጠያቂ ሲኖረው ነው። የስሜን ገደል ለብዙ ሚሊዮን ዓመት ቆሟል፤ ማኅበር ቢኖርም ባይኖርም ይቆማል። ዋልያዋ፥ የደረስጌ ደብርና የግጭ ገበሬ ልጆች ኑሮ ግን የሚጠብቃቸውን ሰው ታማኝነት ይሻሉ። ታማኙም ሰው የሚጸናው ሒሳቡን የሚጠይቅ ጉባኤ ሲኖረው ነውና፥ ጠያቂ ለመሆን አንፈር፤ ተጠያቂ ለመሆንም አንሽሽ።