ባለሙያ ናት እንላለን፣ እንደ ባለሙያ ግን አንከፍላትም

ባለፈው ጥር ዳንግላ የዘመድ ሠርግ ነበረብን። ዳሱ እንኳ ሳይተከል ቀድመው የደረሱት እንግዳ ማን መሰሏችሁ? ወጥ ሠሪዋ። ከእንጅባራ በሚኒባስ መጡ። በአንድ እጃቸው የራሳቸውን ማማሰያ፣ በሌላው በፌስታል የተቋጠረ መከለሻ ይዘዋል። ሻይ ሳይጠጡ ጓዳ ገቡ። በርበሬውን በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ፣ እንጨቱን ገልበጥ አድርገው አዩና «ይሄ እርጥብ ነው፣ በዚህ ቁሌት አይሆንም» አሉ። ከዚያ በኋላ በሰው ቤት፣ በማያውቁት ምድጃ፣ የዚያኑ ቀን የተዋወቋቸውን ሴቶች እየመሩ ድግሱን ከዳር አደረሱት።

ሲሸኙ «ስንት ነው የሚያስከፍሉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ኢኮኖሚክስ መማር መጥፎ አመል ያስይዛል።

«እንደ ቤቱ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

እንደ ቤቱ! ያለው ጨመር ያደርጋል፣ የሌለው ይመርቃል። የሚገርመው ደግሞ ሠርገኛው ሁሉ እየበላ «ባለሙያ ናቸው» ይል ነበር። በአማርኛ «ባለሙያ ሴት» ሲባል መጀመሪያ የሚታየን የወጧ ጣዕም ነው። ቢሮ ውስጥ ግን «ባለሙያ» ማለት ውል፣ ደመወዝና የሥራ ልምድ ያለው ሰው ነው። ቃሉ አንድ ነው። ማድ ቤት ሲገባ ግን ዋጋው ይጠፋል።

ዋይት ሐውስ የገባው ምስር

እየዞሩ በሰው ማድ ቤት ማብሰል በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ሰው «የግል ሼፍ» ይባላል። ምግብ ቤት መክፈት አይጠበቅበትም። ቢላውንና ቅመሙን ይዞ ወደተጠራበት ይሄዳል፣ አብስሎ አስተናግዶ፣ ማድ ቤቱን አጽድቶ ይወጣል።

የዓለም ስመ ጥር ሼፎችም በሰው ማድ ቤት የሚፈተኑበት ቀን አለ። ማርከስ ሳሙኤልሰንን አስቡት። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሳሁን ፅጌ ተብሎ ተወለደ። እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ ከእህቱ ጋር ለስዊድን ቤተሰብ በጉዲፈቻ ተሰጠ። ምግብ መሥራት የለመደው ከስዊድናዊቷ አያቱ ማድ ቤት ነው። ከዚያ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ማድ ቤቶች አለፈ፤ መርከብ ላይም ሠራ። ኒውዮርክ ገብቶ «አኳቪት» የተባለውን ሬስቶራንት ሲመራ 25 ዓመት ሳይሞላው በ1995 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ ታይምስ 3 ኮከብ አገኘ።

ኅዳር 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ ኦባማ ለህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ ባዘጋጁት የመጀመሪያው ይፋዊ የእራት ግብዣ ላይ እንግዳ ሼፍ ሆኖ ተጠራ። እንደኛ ሠርግ ድንኳን ተተክሎ፣ ከ300 በላይ ሰው ተጋብዞ ነበር። የክብር እንግዳው ሥጋ ስለማይበሉ የምግቡ ዝርዝር በአብዛኛው ከአትክልትና ከጥራጥሬ የተዘጋጀ ነው። ምን ቀረበ? የቀይ ምስር ሾርባ፣ ድንች፣ ሽምብራ፣ ባሚያ። አይቡንና የባሕር ምግቡን ትታችሁ ዕቃውን ብቻ ካያችሁት ከእንጅባራ የጾም ማድ ቤት ብዙም አይርቅም። ድንቹማ የአዊ ደጋ ሞልቶታል!

አዊ ላይ ያለው ዕውቀት

«ሳሙኤልሰን ተምሮ ነው፣ እኚህ እናት ግን በልምድ ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ያ «ልምድ» የሚባለው ነገር ሲፈታ ምን እንደሚመስል እንየው።

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ እዚያ 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋሉ። ብርዱ ደግሞ ሊጡ ቶሎ እንዳይቦካ ያደርጋል። ዝቅ ወዳለውና ሞቃት ወደሆነው ቻግኒ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፣ የሊጡ ቀን ይቀንሳል። ወጥ ሠሪዋ ይህን በቁጥር አይነግሯችሁም። «እንጅባራ ከሆነ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አቡኩ» ይሏችኋል፣ በቃ።

ማገዶውም እንዲሁ ነው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ከዲከረንስ ዛፍ በሚከሰል ከሰሉ የታወቀ ነው። በከሰል የሚሠራ ወጥና በእንጨት እሳት ጎላ ላይ የሚሠራ ወጥ አያያዛቸው አንድ አይደለም። ጾሙም አለ። በኦርቶዶክስ እምነት የጾም ቀናት የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። ድግሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ዋናው ገበታ የጾም ይሆናል። የፍስክ ቀን ቢሆንም በጾም የሚጸና እንግዳ ስለማይጠፋ ለብቻ በተለየ ድስትና ማማሰያ ይሠራል።

በኢትዮጵያ ምግብ ዓለም ላይ መድረስም ይቻላል። ሼፍ ዮሐንስ ገብረኢየሱስ ፈረንሳይ ሊዮን በሚገኘው የፖል ቦኩዝ ተቋም ተምሮ አገሩ ተመለሰ። ስለ ኢትዮጵያ ምግብም መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ ጉዳይ ግን ዞሮ ዞሮ እናቶቻችን ጓዳ ያለው ዕውቀት ነው።

እስቲ ሂሳብ እንሥራ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። አንዲት ወጥ ሠሪ ቤቷ ብትውል እንጀራ ሸጣ በቀን 1,000 ብር ታገኛለች እንበል። ድግሱ ከነመንገዱ 4 ቀን ከወሰደባት የተወችው ገቢ 4,000 ብር ነው። ትራንስፖርት 400 ብር፣ አንዲት ረዳት ለ3 ቀን በ500 ሂሳብ 1,500 ብር። ድምሩ 5,900 ብር። እንግዲህ ተሸኝታ ስትወጣ ፖስታው ውስጥ 3,000 ብር ብታገኝ አትርፋ አይደለም የተመለሰችው፤ 2,900 ብር ከኪሷ አውጥታ የእናንተን ሠርግ ደግሳለች ማለት ነው። የሙያዋን ዋጋ ደግሞ ገና አልደመርነውም። አንድ ጎላ ወጥ ቢያር ስንት ኪሎ ቅቤና ሽንኩርት አብሮ እንደሚጠፋ አስቡት። የሚከፈላት ያ እንዳይሆን ጭምር ነው።

ይህን ስሌት ለእኚያ እናት በስልክ አነበብኩላቸው። ሳቁና «ይሄን ያህል ብጠይቅማ ማን ይጠራኛል?» አሉ።

ፍርሃታቸው እውነት ነው። በየሰፈሩ የዕድር ሴቶች ተሰባስበው በነጻ ይሠራሉ፣ ዕድሩ ድስቱንም ድንኳኑንም ያውሳል። ወንፈል ነው፤ ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንቺ። ይህ ባህል እንዲጠፋ የሚፈልግ የለም። ነገር ግን ወንፈል የሚሠራው ውለታው ሲመለስ ነው። ከሌላ ከተማ ተጠርታ የመጣች ሴት ያን ውለታ በምን ትመልስላችሁ? እናንተስ መቼ ሄዳችሁ ትከትፉላታላችሁ? እሷ ጎረቤት አይደለችም። ሥራ ላይ ናት።

ከስልካችን የሚጀምር ሥራ

ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ አካሄዱ እንዲህ ነው። የግል ሼፍ በሰው ቁጥር ወይም በቀን ሊያስከፍል ይችላል። በሰው ቁጥር ከሆነ የዕቃው ዋጋ ብዙውን ጊዜ በእናንተ ላይ ስለሆነ የቅቤ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ቢንር ኪሳራው የእናንተ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ዕቃውን ባለ ድግሱ እንዲገዛ የግዢ ዝርዝር በቴሌግራም ልኮ የእጅ ዋጋን በቀን መቁረጥ ነው። ቀብድ በቴሌብር ተቀበሉ። የምታበስሉበትን ቦታ ፎቶ አስቀድማችሁ አስልኩ፤ ውኃና ማገዶ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። የሠራችሁትንም ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱ። የሥራ ልምድ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ቀላል ነው አልልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ሲቋረጥ አይተናል። እየዞሩ ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋ መንገድ ማለት የተዘጋ ማድ ቤት ነው። ቢሆንም ሰው መዳሩን አልተወም። ክርስትናውም፣ ተስካሩም አለ። ጥር 23 የሚከበረው፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓልም እንግዳ ይዞ ይመጣል። እንግዳ ሁሉ ደግሞ ይበላል።

እኔ በበኩሌ ቀጣዩ የቤታችን ድግስ ሲመጣ ለእኚያ እናት ቀድሜ እደውላለሁ። ዋጋቸውን የምጠይቀው ሠርጉ አልቆ ማማሰያቸውን ሲቋጥሩ ሳይሆን ገና ቀኑ ሲቆረጥ ነው። «እንደ ቤቱ» ካሉኝም ስሌቱን እንደገና አነብላቸዋለሁ።