የ5500 ዘመን ሳምንት፦ ኃጢአትና ድኅነት በመንዝ ደጋ

የሆሣዕና ዕለት ቅዳሴ ሲያበቃ ካህናቱ በሕይወት ላለ ምእመን ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። ሞት ያልደረሰበት ሰው ቆሞ ይፈታል። ከማግስቱ ሰኞ ጀምሮ ሰሙነ ሕማማት ስለሚገባ ፍትሐት የለም፤ በዚያ ሳምንት ነፍሱ የምትወጣ ሰው ቢኖር የሚሸኘው በሆሣዕናው ጸሎት ነው። መስቀልም አይሳለሙም። በሌላው ጊዜ ካህን ባየ ቁጥር «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ ግንባሩንና ከንፈሩን የሚያቀርብ የመንዝ፣ የግሼ ወይም የመርሐ ቤቴ ገበሬ ያን ሳምንት የንስሐ አባቱን መንገድ ላይ ቢያገኝ እንኳ መስቀል ሳይሳለም ያልፋል።

ሥርዓቱ የመላዋ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚህ ደጋ ላይ ልናየው የፈለግነው ግን ፊደል ያልቆጠረ አራሽና እረኛ የጥንት አባቶችን ትምህርት በምን መንገድ እንደያዘው ነው። እኔ እንደማምነው ይህ ሕዝብ ስለ ውድቀትና ስለ ቤዛነት ያለው እውቀት ከብዙ ስብከት ይልቅ የቆመው በቀን መቁጠሪያውና በጉልበቱ ላይ ነው።

ሰሙነ ሕማማት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው የ5500 ዘመን መታሰቢያ ነው፤ ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ኩነኔ ይባላል። አዳም ከገነት ሲባረር አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው አምላክ ቃል ገባለት፤ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5500 ይሆናል። በዚያ ዘመን ጻድቁም ኃጥኡም ሲሞት ወደ ሲኦል ይወርድ ነበር። ካህኑ መስቀሉን የሚሰበስበው ምእመኑ ያን ፈቺ የሌለበትን ዘመን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲኖረው ነው።

ለገበሬው ጆሮ በጣም የሚቀርበው ግን የዕዳ ደብዳቤው ታሪክ ነው። ዲያብሎስ አዳምና ሔዋንን በመከራቸው ጊዜ አግኝቶ አዳም ባሪያው፣ ሔዋንም ገረዱ እንደሆኑ አስጻፋቸው፤ ጽሑፉንም በሁለት ዕብነ በረድ ቀርጾ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሁለተኛውን በሲኦል ደበቀው። ክርስቶስ ሲጠመቅ የዮርዳኖሱን ደመሰሰ፤ በዕለተ ዓርብ በነፍሱ ወደ ሲኦል ሲወርድ ሁለተኛውን አጠፋ። ውል፣ ዋስና ዕዳ ምን እንደሆኑ ለሚያውቅ ገበሬ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የጥምቀትን በዓልና የስቅለትን ቀን በአንድ ክር ያሰረ ትምህርት ነው።

ምንጩ ሩቅ ነው። ለአክሱም የመጀመሪያውን ጳጳስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነበር። አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ያስተማረው ይህን ነው፤ አዳም በመበደሉ ሞትና መበስበስ በባሕርዩ ገቡ፤ መጸጸት ብቻውን የተበላሸውን ባሕርይ አያድስም፤ ስለዚህ የፈጠረው ራሱ ሥጋ ለብሶ ሊያድሰው ግድ ሆነ። በምዕራብ በኩል ደግሞ የሂፖው አውግስጢኖስ ከጴላግዮስ ጋር ስለ ጸጋና ስለ ሰው ፈቃድ ተከራከረ፤ በ418 እ.ኤ.አ. የካርታጎ ጉባኤ የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ። ያ ክርክር ወደ እኛ ደጋ እምብዛም አልደረሰም። እኛ የወረስነው የእስክንድርያውን ነው፤ ትኩረቱም የሞት መሸነፍና የእግዚአብሔር ልጅነት መመለስ ነው።

ልጅነት የሚመለሰው በጥምቀት ነው። ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40ኛው ቀን፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ገቡ ይላል፤ ሕፃኑም በዚያው ቀን የጠፋውን ይረከባል፤ ማተብ ይታሰርለታል፣ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል።

ወደ ስቅለቱ ዓርብ እንምጣ። በመንዝ ያለው መሐል ሜዳና አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋቱ ይቆረጥማል። ሕዝቡ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናውን አውልቆ አጥር ላይ ጥሎ ይሰግዳል። ከነግህ እስከ ሠርክ በየሰዓቱ ምንባብ ይነበባል፤ ከግሪክ የመጣው ኪርያላይሶን በተባለ ቁጥር ግንባር መሬት ይነካል። ሽማግሌው በመቋሚያው እየተደገፈ ይወርዳል፤ ሕፃኑ ከእናቱ አጠገብ እየወደቀ ይነሣል። ቀኑን ሙሉ ምግብም ውኃም የለም። ወደ ማታ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ይቆማሉ። ምእመኑ በተራው ጎንበስ ብሎ በደሉን በለሆሳስ ይናገራል፤ ካህኑ ጀርባውን በቅጠሉ ቸብ ቸብ አድርጎ «ይህን ያህል ስገድ» ይለዋል። ጥብጠባ ይባላል። ሰውየው እዚያው ፈቀቅ ብሎ የታዘዘውን ሰግዶ ይሄዳል። የተገረፈውን ጌታ ለሚያስብ ሰው ያ ለስላሳ ቅጠል ከባድ ነው።

የቀረው ዓመት ሥራ የንስሐ አባት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አለው፤ ቤት ይባርካል፣ ጠበል ይረጫል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ነፍስ ስትወጣ ከራስጌ ይቆማል። የሰማውን አያወጣም። የሚሰጠውም ቀኖና እንደ ሰውየው አቅም ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት ወይም ምጽዋት ነው። የቂሣርያው ባስልዮስ ሆን ብሎ ነፍስ ላጠፋ ሰው 20 ዓመት ወስኖ ነበር፤ 4ቱን በደጅ እያለቀሰ፣ 5ቱን ንባብ እየሰማ፣ 7ቱን እየሰገደ፣ 4ቱን ሳይቆርብ ከምእመናን ጋር ቆሞ። ያ ሁሉ ዛሬ በአንድ አባት ጆሮና ማስተዋል ላይ ወድቋል። ቀኖናው መድኃኒት እንጂ የኃጢአት ዋጋ እንዳልሆነ የሚያስረዳ አባት ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው።

ጸጋውን ሰው የሚሰማው የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ነው። ያን ዕለት የሚነገረው የበላኤ ሰብ ታሪክ ነው፤ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነበር፤ ለአንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። ታሪኩ ለኃጢአት ፈቃድ እንዳይመስል የሚሰጋ ሰው አለ። እኔ ግን ተስፋ የቆረጠን ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ደጅ የሚመልስ ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ አላውቅም።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ያህል የሚጾምና የሚሰግድ ጎልማሳ ከቁርባን ይርቃል፤ ሥጋ ወደሙ የሕፃንና የሽማግሌ ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። ምክንያቱ ፍርሃት ነው፣ ንቀት አይደለም። ነገር ግን በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የአንጾኪያው አግናጥዮስ ቁርባንን የማይሞትነት መድኃኒት ብሎታል፤ መድኃኒት ደግሞ የሚሰጠው ለታመመ ነው። ዛሬ መምህራኑ ወጣቱን «ንስሐ ግባና ቁረብ» እያሉ መጎትጎታቸው ከጥንቱ ጋር የሚገጥም ትክክለኛ ሥራ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ በየቤቱ ቄጤማ ያድላሉ፤ ለኖኅ የውኃውን መጉደል ያበሠረችው የርግቧ ቅጠል ምሳሌ ነው። ምእመኑ በራሱ ላይ ያስረዋል። ሌሊት ትንሣኤ ይታወጃል፣ መስቀሉም ለመሳለም ይመለሳል። ከዚያ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ጾም የለም፣ ስግደትም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል።