ማታ የሚነገር ሕልም

የሥራ ሰዓት ነው። ወረቀቱ ከፊታችን ተዘርግቷል፤ ብዕሩም በእጃችን ነው፤ ልባችን ግን በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ወጥቶ ከሄደ ቆይቷል። በሐሳባችን መጽሐፍ ደርሰናል፤ መጽሐፉም ታትሞ ሰው ተሰልፎ ይገዛዋል። ገና ጭብጨባው ሳያባራ የክፍሉ ሹም ብቅ ብለው «ያ ደብዳቤ ከምን ደረሰ?» ይሉናል። ደብዳቤው «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል አላለፈም። ይህ በሽታ የኛ ብቻ እንዳልሆነ፣ በትምህርት ቤት ወንበርም ሆነ በመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት ሁሉ እንደሚያውቀው እናምናለን።

ምኞት አይከለከልም ይባላል። እኛም ይከለከል አንልም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ የወጣው ልብ ምን ይዞ ይመለሳል?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለን ወደ ጎጃም ወርደን፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይተን ነበር። ውሃው በሞላ ጊዜ እስከ 45 ሜትር ቁልቁል ይወረወራል፤ ጢሱም ከሩቅ የቆመውን ሰው ፊት ያረጥባል። እዚያ ቆሞ በሐሳብ የማይነጉድ ሰው ያለ አይመስለንም። ነጉደው ያልቀሩም አሉ። በ1956 ዓ.ም. ከፏፏቴው አጠገብ 11 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሁለተኛ ጣቢያ ተጨመረ። ከዚያ በታች፣ ከጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህን አንባቢ ያውቀዋል። ብዙ የማይነገረው ግን ሁለተኛው ጣቢያ ውሃውን ሲወስድ ፏፏቴው መሳሳቱና በበጋ ከገደሉ ላይ ቀጭን ውሃ ብቻ የቀረበት ጊዜ መኖሩ ነው። የተፈጸመ ሕልም ያስከፍላል። በመስኮት የሚታለመው ምንም አያስከፍልም፤ ምናልባት የሚጥመንም ስለዚሁ ይሆናል።

ከዚያ በዳንግላና በእንጅባራ አድርገን ወደ ቡሬ አለፍን። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በገጠር፣ በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩ አጎት አሉን። ማታ በእሳት ዳር ስለምንደርሰው መጽሐፍ በሰፊው አጫወትናቸው። ዝም ብለው ሰሙን፤ ከዚያም «መልካም ነው ልጄ። የዛሬውን ለማን ነገርኸው?» አሉን። ነገሩ አልገባንም ነበርና ያስረዱን ጀመር።

ዋሸራና ጎንጅ በመላው አገር የታወቁበት የጎጃም ቅኔ ቤት እንዲህ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ምሥጢሩንም ይፈታሉ። ከዚያ ተማሪው ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወጣና ቅኔ ይቆጥራል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ዐይኑን ተክሎ ላየው መንገደኛ ሥራ ፈት ይመስላል፤ በእርግጥም በሐሳቡ ሰማይና ምድሩን እየዞረ ነው። ነገር ግን መሽቶ ከመምህሩ ፊት ይቆምና የቆጠረውን ይነግራል። ሰሙና ወርቁ ካልተስማማ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ግሱ ከተሳሳተ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ትናንት የነገረውን ዛሬ መድገም አይችልም፤ የዕለቱ ቅኔ የዕለት ነው። ሲጀምርም ከታላቁ አይጀምርም። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየን፣ አምስት ቤት ያለውን ዋዜማን አልፎ ነው ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው። ይህንም ሁሉ የሚያደርገው ከየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ነው። «ጫካው ለሁሉም አንድ ነበር» አሉ አጎታችን፤ «ማታ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም እዚያው ተኝተን እንቀር ነበር።»

ጊዜ የለኝም የሚል ወጣት ባለ ሥልጣን ቢኖር ሐዲስ ዓለማየሁን ያስታውስ። ጎጃም ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ ቅኔም የተማሩ ናቸው። በጠላት ወረራ ጊዜ ተዋግተው ተማረኩና በጣልያን አገር ታሰሩ፤ ከተመለሱ በኋላ በውጭ አገር በአምባሳደርነት፣ በአገር ቤትም በሚኒስትርነት አገለገሉ። ከ500 ገጽ በላይ ያለው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የወጣው በዚህ ሁሉ የሥራ ብዛት ላይ ነው። ቅኔ ቤቱ ነው ይህን ያሠራቸው ለማለት አንደፍርም፤ የጠረጴዛቸው ወረቀት ግን ከኛ ያንስ ነበር የሚል ካለ ይምጣ።

አዲስ አበባ ስንመለስ ከአንድ ክፍል ከምንጋራው ጓደኛችን ጋር ቃል ገባን። ቀን የታለመው ቢያንስ በሁለት መስመር ይጻፋል፤ ማታም ይነበባል። በመጀመሪያው ማታ ጓደኛችን ሳቀ። በሦስተኛው አንዱን መስመር «ይህን ከጋዜጣ ነው የሰማሁት» ብሎ ሠረዘብን፤ ተቆጣን፤ እውነቱን ግን ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን ስብሰባ አመካኝተን ሳንጽፍ ገባን፤ እሱም ምንም ሳይናገር መብራቱን አጠፋ። ያ ዝምታ ከተግሣጽ ሁሉ ከበደን። መጽሐፉ አሁንም መጽሐፍ አልሆነም፤ ሰውም አልተሰለፈም። ከአልጋችን ሥር ያለው ደብተር ግን ግማሹ ሞልቷል፤ ሥርዙ ከጽሑፉ ቢበዛም።

ይህን ስንጽፍ ጊዜው መሽቷል። የጓደኛችን ኮቴ ከደረጃው ላይ ይሰማል። የዛሬው ሁለተኛ መስመር ግን ገና አልመጣም።