የሁለት ዲግሪ ልዩነት፦ ከማናቲ ጋር ስለ መዋኘት

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ምዕራባዊ ጠረፍ ክሪስታል ሪቨር የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። በየዓመቱ ከኅዳር እስከ መጋቢት በርካታ ጎብኚዎች ወደዚህች ከተማ የሚጓዙት ማናቲ ከተባለው የውሃ እንስሳ ጋር ለመዋኘት ነው። ጎብኚዎቹ ውሃው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት እንስሳውን እንዳያሳድዱ፣ እንዳይከቡና ዕረፍቱን እንዳያውኩ፣ ይልቁንም ጸጥ ብለው እንዲንሳፈፉ ይነገራቸዋል። ደንቡ ከርኅራኄ ብቻ የመነጨ ሊመስል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ከደንቡ በስተጀርባ ያለውን ፊዚክስ እንመለከታለን።

ማናቲ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ማናቲ ዕድሜውን በሙሉ በውሃ ውስጥ የሚያሳልፍ፣ የውሃ ሣር የሚመገብ አጥቢ እንስሳ ነው። ሙሉ ዕድገቱን የጨረሰ ማናቲ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመትና 500 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ይኖረዋል። በየብስ ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና በአገራችን ተራሮች የምናውቀው ሽኮኮ ናቸው።

ግዙፍነቱ ከብርድ አያድነውምን?

እንደሚታወቀው ትልቅ አካል ከይዘቱ አንጻር የገጹ ስፋት አነስተኛ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያጣው በዝግታ ነው። በዚህ ስሌት ማናቲ ብርድን መፍራት አልነበረበትም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ሂሳቡን ያዛቡበታል። አንደኛ፣ በሰውነቱ ውስጥ የሚያመነጨው ሙቀት ከእርሱ ጋር ተመጣጣኝ ክብደት ካላቸው አጥቢዎች ከሚጠበቀው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ፣ እንደ ዓሣ ነባሪ ያለ ወፍራም የስብ ሽፋን የለውም። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል። በመሆኑም ማናቲ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ይታመማል፤ ለሞትም ይዳረጋል።

በቅዝቃዜው ወራት የባሕሩ ውሃ ከዚህ መጠን በታች ይወርዳል። የክሪስታል ሪቨር ምንጮች ግን ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ገደማ ናቸው። አፈርና ዓለት ሙቀትን በዝግታ ስለሚያስተላልፉ የወቅቶች መለዋወጥ ወደ ጥልቁ አይዘልቅም። እንግዲህ በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው።

የዋናተኛው ድርሻ

በ22 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሰውም ይበርደዋል። ስለዚህ ሙቀት የሚጠብቅ የዋና ልብስ ይለብሳል፤ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወጥቶ ትኩስ ነገር ይጠጣል። ማናቲ ግን መውጫ የለውም። አንድ ዋናተኛ በጉጉት ተከትሎት ከምንጩ ቢያርቀው ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ይገፋዋል። ቀላል ስሌት እንሥራ። የሰውነትን ልዩ የሙቀት አቅም 3,500 ጁል በኪሎ ግራም በዲግሪ ብንወስድ፣ የ500 ኪሎ ግራም አካል ያጣውን አንድ ዲግሪ ለመመለስ 1.75 ሚሊዮን ጁል ያስፈልገዋል። ይህንን የሚያገኘው አነስተኛ ኃይል ከሚሰጥ ሣር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 በዚያው ስፍራ ለማናቲዎች ጥበቃ የዱር እንስሳት መጠለያ ተቋቁሟል። በቅዝቃዜው ወራት አንዳንድ ምንጮች በገመድ ተከልለው ዋናተኛ አይገባባቸውም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 የማናቲን የአደጋ ደረጃ ዝቅ ቢያደርግም፣ በ2021 በፍሎሪዳ ከ1,000 በላይ ማናቲዎች ሞተዋል። ዋናው ምክንያት በምሥራቁ ጠረፍ በውሃ ብክለት ሳቢያ የባሕር ሣር መጥፋቱና ረኃብ መከተሉ ነበር። የተራበ እንስሳ ሙቀት የሚያመነጭበት ነዳጅ የለውምና ብርዱም ይበረታበታል።

ስለዚህ ማናቲን ለማየት ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ሊያደርግለት የሚችለው ትልቁ ውለታ ዝም ብሎ መንሳፈፍ ነው። እንስሳው ራሱ ቢቀርበው መልካም፤ ካልቀረበው ግን ሙቀቱን በቁጠባ ይዞ እንዲያርፍ ይተወው።