ለሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ስለሚላኩ ሠራተኞች፤ ከጨፋ ሜዳ የተወሰደ ምሳሌ

የአንድ ወረዳ ሹም በአደራ የሚጠብቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሕዝቡን፣ መሬቱንና ውሃውን። ሕዝቡ በሕግ፣ መሬቱም በወሰን ይጠበቃል፤ ውሃ ግን ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲያልፍ ወሰን አያውቅምና በረከቱም ጠቡም አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ወጣት ሠራተኛን ለከፍተኛ ትምህርት የሚልክ አስተዳዳሪ፣ የተላከው ሰው ተመልሶ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚያቃና አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከሚሴ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ የደዋ ጨፋ ወረዳ ይገኛል። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዶ የጨፋን ሜዳ ካረሰረሰ በኋላ ወደ አዋሽ ይጓዛል። በበጋ ሌላው ስፍራ ሲደርቅ ጨፋ ለምለም ሆኖ ስለሚቆይ፣ የኦሮሞ፣ የአፋር፣ የአርጎባና የአማራ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን እየነዱ ይሰበሰቡበታል። ዳሩ ግን ረግረጉ እየታረሰ፣ ውሃውም ለመስኖ እየተጠለፈ ሄዶ የግጦሹ ስፍራ ጠብቧል፤ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽም ከላይ ወደ ወንዙ ይገባል። ገበሬው የምተዳደርበት እርሻ ነው ይላል፤ አርቢውም የአባቶቼ የበጋ ማሰማሪያ ነው ይላል፤ የሁለቱም ቃል ሐሰት አይደለም።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ መርምሮ ሥርዓት የማበጀት ዕውቀት የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ይባላል። ነገሩም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ብለው የጻፉት መጽሐፍ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ እርሱም በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከየክልሉ የሚላኩትን ሠራተኞች ያስተምራል።

ለሁለተኛ ዲግሪ የሚላክ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይቆያል። የበጀት አያያዝን፣ የፖሊሲ ምርመራንና የጥናት ዘዴን ይማራል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናት ይጽፋል። ለወረዳው የሚተርፈው ፍሬ በዚህ ጥናት ላይ ነው። ለምሳሌ ከደዋ ጨፋ የተላከ አንድ የግብርና ሠራተኛ በበጋ ወደ ሜዳው የሚገባውን መንጋ ቢቆጥር፣ የመስኖውን ቦይ ቢመዘግብ፣ ሽማግሌዎች የግጦሽን ጠብ የሚዳኙበትን ደንብ ጠይቆ ቢጽፍ፣ የየመሥሪያ ቤቱም ሥልጣን ከየት እስከ የት እንደ ሆነ ለይቶ ቢያሳይ፣ ወረዳው ለብዙ ዘመን የሚጠቀምበት መዝገብ ያገኛል። ነገር ግን በሌላ አገር የተጻፈውን ገልብጦ ስለ ጨፋ አንዳች ሳይል ቢመለስ፣ ሁለት ዓመት ሥራው የተጓደለበት ወረዳ ያተረፈው በግድግዳ የሚሰቀል ወረቀት ብቻ ነው።

የቋንቋም ነገር አለ። ትምህርቱና ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክልሉ የሚጻጻፈው በአማርኛ ነው፤ የዞኑ የሥራ ቋንቋ ግን ኦሮምኛ ነው። የጨፋ ሽማግሌ በኦሮምኛ የተናገረው ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ፣ ቃሉን የሰጠው ሽማግሌ ራሱ ሊያውቀው አይችልም። በሦስቱ ቋንቋ አዳምጦ የሚጽፍ ሰው ስለዚህ ለዞኑ ታላቅ ሀብት ነው።

እንግዲህ ሠራተኛ የሚልክ ሹም ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ሰውየው ሳይሄድ ወረዳውን ያስቸገረውን ጥያቄ ጽፎ ይስጠው። ሁለተኛ፣ የመሬቱንና የውሃውን መዝገብ ይክፈትለት፤ ሹሙን የሚያስነቅፍ ነገር ቢገኝበት እንኳ አይደብቀው፤ የተደበቀ ጉድለት አይታረምምና። ሦስተኛ፣ ሲመለስ ጥናቱን በኦሮምኛና በአማርኛ አሳጥሮ በገበሬው፣ በአርቢውና በሽማግሌው ፊት እንዲያነብ ያድርግ፤ ለተማረውም በሚስማማ ሥራ ላይ ያስቀምጠው። የተማረ ሰው ከወረዳው የሚኮበልለው ደመወዝ ስላነሰው ብቻ አይደለም፤ ምክሩን የሚጠይቀው ሲያጣም ነው።

ባለ ይዞታውም አጥኚው ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ የእርሻውንና የከብቱን ልክ አይሸሽግ። በተሳሳተ ቁጥር የተሠራ ሥርዓት መጀመሪያ የሚጎዳው ቁጥሩን የሸሸገውን ሰው ነው።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ እንደ ተባለው፣ የጨፋ ነገር ሥሩ በጨፋ ነው። ተማሪው ለመማር ሩቅ ቢሄድም፣ ጥያቄውን ከዚያው ይዞ ይሂድ፤ መልሱንም ወደዚያው ይዞ ይመለስ።