ጅቡቲ ለአራት ቀን፦ በባቡር፣ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?



ፈተና ባለቀ ቁጥር በየዶርሙ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ከጭፍራ የመጣ አንድ ተማሪ ጅቡቲ የምትኖር አክስቱን ሊዘይር አስቧል እንበል። ዝምድናን መቀጠል ዒባዳ ነውና ኒያው ያማረ ነው። ያለው ጊዜ ግን አራት ቀን ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛው "ባቡሩ ምቹ ነው" ይለዋል፤ ሌላው "አውሮፕላን ይፈጥናል" ይለዋል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ለዚህ ተማሪ ግን ሁለቱም አይጠቅሙትም። ምክንያቱን እንይ።

ጉዞ የሚለካው ከበር እስከ በር ነው። መጓጓዣው ላይ የምንቀመጥበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ወደ ጣቢያው መድረሻው፣ ወረፋው፣ ፍተሻውና ከወረድን በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ይቆጠራል። ጉዞው አጭር ሲሆን ደግሞ ይህ "ትርፍ" ሰዓት ከዋናው ጉዞ ሊበልጥ ይችላል።

ባቡር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከለቡ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አልፎ በደወሌ በኩል ድንበር ይሻገራል፤ የሚያበቃውም ጅቡቲ ከተማ ዳር ናጋድ ጣቢያ ነው። እዚህ ላይ ካርታውን አስተውሉ። ባቡሩና የመኪናው መንገድ አዋሽ ላይ ይለያያሉ። ሐዲዱ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ አስፋልቱ ደግሞ ወንዙን ተከትሎ በገዋኔና በሚሌ ወደ ሰመራ ይወጣል። ሰመራ ያለ ሰው ባቡር ለመሳፈር ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዋሽ መመለስ አለበት። ያ ርቀት ደግሞ ከሰመራ ጅቡቲ የመድረስን ያህል ነው! ለአዋሽ ሰባትና ለድሬዳዋ ልጆች ግን ነገሩ ይለያል፤ ለእነርሱ ባቡሩ ሰፊ፣ ከአደጋ የራቀና ጭስ የሌለው ምርጫ ነው። በየቀኑ ስለማይኖር ግን የሚነሳበትን ቀን ሳታጣሩ ከቤት አትውጡ።

አውሮፕላን። ሰመራ የሱልጣን አሊሚራህ ሀንፈሬ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ በረራው ግን ወደ አዲስ አበባ ነው። ጅቡቲ በስተምሥራቅ ሆና ሳለ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምዕራብ በርሮ፣ ቦሌ ላይ ቆይቶ፣ እንደገና መመለስ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በረራው ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላለ፣ ጊዜ ላጠረውና ገንዘብ ላለው ሰው ተገቢ ነው። ከሰመራ ለሚነሳ ግን የሁለት ትኬት ወጪና የግማሽ ቀን መንከራተት ነው።

መኪና። ከሰመራ በሰርዶና በዲቾቶ አድርጎ ጋላፊ፣ ከዚያም በዲኪል ጅቡቲ። ለሰመራ፣ ለሎጊያና ለሚሌ ሰው አቋራጩ ይህ ነው። የጭፍራው ወንድማችንም ከጭፍራ ሚሌ፣ ከሚሌ ሰመራ የሚመጣው በዚሁ አቅጣጫ ስለሆነ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም። መልሱ እንግዲህ መኪና ነው።

ነገር ግን ይህ መንገድ የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፍበት ነው፤ ከባድ መኪና አይጠፋበትም። ሌሊት ግመልና ፍየል አስፋልት ላይ ይተኛሉ። ስለዚህ በሌሊት አትጓዙ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ተነሱ፤ ውሃ በብዛት ያዙ፤ በሞቃቶቹ ወራት የዚያ አካባቢ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የአፋሮችን ዳጉ ተጠቀሙ፦ ከጋላፊ የመጣ ሾፌር ወይም መንገደኛ ፈልጋችሁ ስለ መንገዱና ስለ ድንበሩ ጠይቁ። ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የዛሬውን ወሬ የሚያውቀው እሱ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ፓስፖርትና ቪዛ ቀድሞ ይለቅ። ዘመድ ድንበሩ ማዶ ስላለ ድንበር የለም ማለት አይደለም። ያለ ወረቀት በደላላ መሻገር ገንዘብንም ነፍስንም ለአደጋ መስጠት ነው።

የሰላት ጉዳይም ከምርጫው ጋር ይሄዳል። ለቀስር የሚያበቃው ርቀት በብዙ ዑለማዎች ዘንድ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ስለሚገመት የጅቡቲ ጉዞ ከዚያ በላይ ነው። ከከተማው ቤቶች ከወጣችሁ በኋላ ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ሁለት ሁለት ረከዐ ይሆናሉ፤ መግሪብና ሱብሒ አይቀነሱም። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት የነየተ ሰው ግን ሰላቱን ያሟላል። በመኪና ስትሄዱ ለሰላት የሚቆምበትን ቦታ ከሾፌሩ ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ጀምዕ የሚያስፈልግ ከሆነ ዙህርና ዐስርን በአንድ ማረፊያ ለመስገድ ይመቻል። ቂብላ ከሰመራም ሆነ ከጅቡቲ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው። ከአዋሽ ወደ ጅቡቲ በባቡር የሚሄድ ሰው ቂብላውን በአብዛኛው በስተግራው ያገኘዋል። እህቶች የመሕረም ጉዳይን ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ከኡስታዞቻችን ጋር ይመካከሩ።

ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መመሪያ መሠረት ከመካከላችሁ አንዱን አሚር አድርጉ። ሾፌሩ ሲፈጥን "ቀስ በል" የሚል ድምፅ ያስፈልጋልና ኃላፊነቱ የእሱ ይሁን። ኢስቲኻራ ስገዱ፤ የጉዞ ዱዓችሁን አትርሱ። አክስቱ የምትጠብቀው ቶሎ መድረሱን ሳይሆን በሰላም መግባቱን ነው።

አላህ መንገዳችሁን ያቅና። ወላሁ አዕለም።