የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ከቤት ርቆ በመስክ የሚውል ሰው ውኃ ሲጠማው የሚያገኘው የወንዝ ወይም የምንጭ ውኃ ነው። ይህ ውኃ ከዐለት ሥር ኩልል ብሎ ሲወርድ ንጹሕ ይመስላል። ዳሩ ግን ዓይን የውኃውን መጥራት እንጂ ንጹሕ መሆኑን ሊመሰክር አይችልም። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ከብት የዋለበት ወይም ሰው የተጸዳዳበት ወንዝ ታች ሲደርስ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ኮሌራን፣ ታይፎይድንና ተቅማጥን የሚያስከትሉት ተሕዋስያን ግን በዓይን አይታዩም፤ በጣዕምም አይለዩም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ውኃ ለመጠጥ የምታበቁት እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ውኃው የደፈረሰ ከሆነ በዕቃ ቀድታችሁ እስኪጠልል ጠብቁ። ከዚያም በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አጥሉት። ጨርቁ ጭቃንና አልቅትን ያስቀራል፤ ተሕዋስያኑን ግን ሁሉ ሊያስቀር አይችልም።

ስለዚህ ቀጥሎ ውኃውን ማፍላት ያስፈልጋል። በቆላማ ቦታ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ1 ደቂቃ ቢፈላ በቂ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ግን ለ3 ደቂቃ መፍላት አለበት። ምክንያቱም ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ደገኛው ከቆለኛው ይልቅ ውኃውን እሳት ላይ ጥቂት ማቆየት ይገባዋል።

ማገዶ ከሌለ ፀሐይ ትረዳለች። የጠለለውን ውኃ ከ2 ሊትር በማይበልጥ፣ ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ጠርሙሱን አጋድማችሁ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆዩት። ሰማዩ ደመናማ ከሆነ 2 ተከታታይ ቀን ያስፈልገዋል። የደፈረሰ ውኃ ግን ጨረሩን ስለማያሳልፍ በዚህ ዘዴ አይድንም።

ይሁን እንጂ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውኃው የሟሟውን ኬሚካል አያስወግድም። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ጉድጓዶች የሚገኘውና ጥርስን የሚያበልዘው ፍሎራይድ ለዚህ ምሳሌ ነው። ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር እንዲያውም ክምችቱ ይጨምራል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሌላ የውኃ ምንጭ መፈለግ ይሻላል።

በመጨረሻም የፈላውን ውኃ በዚያው ዕቃ ከድናችሁ አቀዝቅዙት። ባልታጠበ ጣሳ መቅዳት ግን የደከማችሁበትን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።